ምንም ምግብ ሳይከለከል ክብደትን መቆጣጠር ይቻላልን?

ጦሳ ተራራ (ደሴ)፦

ጤና ይስጥልኝ። በደሴ ከተማ የምኖር የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፤ ዕድሜዬ ወደ አርባ ተጠግቷል። ሁለተኛ ልጄን ከተገላገልኩ ወዲህ ክብደቴ ቀስ በቀስ እየጨመረ መጥቶ፣ አሁን የሰፈሬን ዳገት መሀል ላይ ሳላርፍ መውጣት እየከበደኝ ነው። ገጠር ያሉ ዘመዶቼ «ወዝ አገኘሽ፣ ተስማማሽ» ሲሉኝ፣ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ ደግሞ «ኧረ ቀንሺ» ይሉኛል።

እስካሁን ክብደት ለመቀነስ የሄድኩበት መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም መተው ነው። እንጀራ ትቻለሁ፣ እራት ትቻለሁ፣ አንድ ሰሞን ደግሞ ጠዋት ጠዋት የሎሚ ውኃ ብቻ እየጠጣሁ ሥራ ገብቻለሁ። በየጊዜው ሚዛኑ ወርዷል፤ በየጊዜውም ከነበረበት አልፎ ተመልሷል። እንጀራ በተውኩበት ሰሞን ቀኑን ሙሉ የማስበው ስለ እንጀራ ነበር። ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ወጥ ቤት ገብቼ፣ መብራት እንኳ ሳላበራ፣ ከድስቱ ሥር የተረፈውን ፍርፍር ቆሜ ጠርጌ እበላለሁ። በቀን የከለከልኩትን በሌሊት እጥፍ አድርጌ ስከፍለው ማለት ነው።

በቅርቡ አንዲት ጓደኛዬ ምንም ዓይነት ምግብ ሳይከለከል፣ ካሎሪም ሳይቆጠር፣ ሲርብ በመብላትና ጥጋብ ሲሰማ በማቆም ላይ ብቻ የተመሠረተ አካሄድ እንዳለ ነገረችኝ። ይህ በእርግጥ በባለሙያ የሚደገፍ ነው ወይስ ለስንፍና የተሰጠ ጥሩ ስም? ደግሞስ በእኛ ቤት እንዴት ይሆናል? የምንበላው ከአንድ ትሪ ነው፤ አማቴ «በሞቴ፣ አፈር ስሆን» ብለው የዘረጉትን ጉርሻ መመለስ ደግሞ ነውር ነው። ቡናው አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያለ ከነቆሎውና ከነዳቦው ይዘልቃል። በዚያ ላይ ጿሚ ነኝ፤ «ሲርብሽ ብዪ» የሚለው ምክር ረቡዕና ዓርብ ምን ሊሆን ነው? የምታውቁ ብትመልሱልኝ አመሰግናለሁ።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)፦

እህቴ፣ የሥርዓተ ምግብ ባለሙያ ነኝ፤ ጥያቄዎን በቁም ነገር ላየው እፈልጋለሁ። በቅድሚያ፣ የገለጹት የሌሊት መብላት የጸባይ ድክመት ሳይሆን ሰውነት ለረሃብ የሚሰጠው የተለመደ መልስ ነው።

ይህን በግልጽ ካሳዩ ጥናቶች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945 በአሜሪካ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ በአንሰል ኪስ መሪነት የተካሄደው ነው። 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶች በፈቃዳቸው ገቡበት፤ ቀድሞ በቀን 3,200 ካሎሪ ያህል ይበሉ የነበሩት ለ24 ሳምንታት ወደ 1,570 ካሎሪ ገደማ ዝቅ እንዲሉ ተደረገ። ልብ ይበሉ፣ ይህ መጠን ዛሬ ብዙ ሰው «ዳይት» ብሎ ከሚይዘው አይከፋም። ሰዎቹ ሲሶ ባይሞላም ሩብ ያህል ክብደታቸውን አጡ፤ ነገር ግን ከክሳቱ ይልቅ አስገራሚው የአእምሯቸው ሁኔታ ነበር። ከምግብ በቀር ሌላ ወሬ አልጥም አላቸው፤ አንዳንዶቹ ምግብ አብስለው የማያውቁ ሳሉ የምግብ አሠራር መጻሕፍትን ያነቡና ይሰበስቡ ጀመር፤ ቁጡና ድብርታም ሆኑ። እንደልብ እንዲበሉ በተፈቀደላቸው ጊዜ ደግሞ ብዙዎቹ ሆዳቸው እየሞላ እንኳ ማቆም አቃታቸው። እርስዎ ቀኑን ሙሉ ስለ እንጀራ ማሰብዎ ከዚህ የተለየ አይደለም።

ምክንያቱ ከጊዜ በኋላ ይበልጥ ተብራርቷል። እ.ኤ.አ. በ1994 ሌፕቲን የተባለው ሆርሞን ተገኘ። ይህ ሆርሞን የሚመነጨው ከራሱ ከስባችን ሲሆን፣ ምን ያህል ስንቅ እንዳለን ለአንጎል ይናገራል፤ ስብ ሲቀንስ እሱም ይቀንሳል፤ አንጎልም ይህን እንደ ችጋር ቆጥሮ የመብላት ፍላጎትን ከፍ፣ የጉልበት ፍጆታን ዝቅ ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ1999 የታወቀውና በአብዛኛው ከጨጓራ የሚመነጨው ግሬሊን ደግሞ ረሃብን የሚቀሰቅስ ነው፤ ክብደት በቀነሰ ሰው ላይ መጠኑ ከፍ ይላል። በአሜሪካ በቴሌቪዥን የክብደት መቀነስ ውድድር ላይ የተካፈሉ 14 ሰዎች ከ6 ዓመት በኋላ ሲመረመሩ፣ ሰውነታቸው በዕረፍት ላይ እያለ የሚያቃጥለው ጉልበት ለክብደታቸው ከሚጠበቀው በቀን ወደ 500 ካሎሪ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል፤ አብዛኞቹም የቀነሱትን ብዙውን መልሰውታል። እንግዲህ እርስዎ የሚታገሉት ከራስዎ ፈቃድ ጋር ብቻ ሳይሆን ችጋርን ለመሻገር ከተሠራ አካል ጋር ነው።

ጓደኛዎ የነገረችዎት አካሄድ በሁለት አሜሪካውያን የምግብ ባለሙያዎች፣ በኤቭሊን ትሪቦሊና በኤሊስ ሬሽ፣ እ.ኤ.አ. በ1995 መልክ ይዞ የቀረበ ነው። ፍሬ ነገሩ የረሃብንና የጥጋብን ምልክት ማዳመጥ፣ ምግብን «ሐላልና ሐራም» ብሎ በክብደት ሚዛን አለመከፋፈል፣ በንዴትና በመሰልቸት ጊዜ ምግብን ብቸኛ መጽናኛ አለማድረግ፣ እንዲሁም ሰውነትን ለቅጣት ሳይሆን ለደስታ ማንቀሳቀስ ነው። ስንፍና አይደለም፤ እንዲያውም ሠንጠረዥ ይዞ ከመሄድ የበለጠ ማስተዋል ይጠይቃል።

ነገር ግን ያልተባለውን እንዳለ አድርጌ ልሸጥልዎ አልፈልግም። ጥናቶቹ በአመዛኙ የሚያሳዩት ሰዎች ከምግብ ጋር ያላቸው ግንኙነት እንደሚሻሻል፣ ሳይቆጣጠሩ አብዝቶ መብላት እንደሚቀንስ፣ ክብደታቸውም እንደሚረጋጋ ነው። ብዙ ኪሎ በፍጥነት ያወርዳል የሚል ማስረጃ ግን የለም። ሽቅብ የወጣውና ቁልቁል የወረደው ሚዛን መቆሙ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው ብዬ አምናለሁ፤ በሦስት ወር ውስጥ የሠርግ ቀሚስ ውስጥ ለመግባት ለሚፈልግ ሰው ግን ይህ መንገድ አይሆነውም።

ወልድያ ስፖርተኛ፦

ባለሙያውን አከብራለሁ፤ ሆኖም ነገሩ እንዲህ ለስላሳ መሆኑን እጠራጠራለሁ። የገባው ጉልበት ከወጣው ከበለጠ ሰው ይወፍራል፤ ይህን የሚሽር ሆርሞን የለም። «ያሻህን ብላ» የሚለው ምክር ለሚያውቅበት ሰው ይሆናል እንጂ፣ ሱቅ በብስኩትና በለስላሳ መጠጥ በተሞላበት ዘመን ሰው ያሻውን ቢበላ የሚደርስበት ይታወቃል። እኔ የምበላውን እየመዘንኩ ለዓመታት ክብደቴን ጠብቄያለሁ።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)፦

ወንድሜ፣ ግማሹን ነጥብ እቀበላለሁ። የጉልበት ሒሳቡ ትክክል ነው፤ ክርክሩ ሰው ያንን ሒሳብ በፈቃዱ ለዓመታት መያዝ ይችላል ወይስ አይችልም በሚለው ላይ ነው። እርስዎ ችለዋል፤ የሚችሉ ሰዎች አሉ፤ አብዛኛው ሰው ግን አይዘልቅበትም።

ስለ ብስኩቱ ያነሱት በእርግጥ ከባድ ቁም ነገር ነው። ኬቪን ሆል የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ጥናት 20 ሰዎች ለሁለት ሳምንት በፋብሪካ እጅግ የተቀነባበረ ምግብ፣ ለሁለት ሳምንት ደግሞ ብዙም ያልተቀነባበረ ምግብ እንደልባቸው እንዲበሉ አድርጓል። የቀረበላቸው ስኳር፣ ቅባትና አሰር ተቀራራቢ ነበር። ያም ሆኖ የፋብሪካው ምግብ በቀረበ ጊዜ በቀን ወደ 500 ካሎሪ ያህል አብልጠው በሉ፤ ክብደትም ጨመሩ። ስለዚህ የጥጋብ ምልክትን አምኖ መብላት የሚሠራው ምልክቱን በማያደነዝዝ ምግብ ነው። ወሎ ላይ ይህ ከባድ አይደለም፦ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ የገብስ ቅንጬ፣ የማሽላ እንጀራ፣ ሽምብራ ቆሎ ሁሉም ቀስ ብለው የሚፈጩና ሆድ የሚይዙ ናቸው። ብስኩቱን ማንም አልከለከለም፤ ለልጅ መክሰስና ለቁርስ ምትክ ሆኖ በየቀኑ ሲገባ ግን ረሃብና ጥጋብን መለየት ያስቸግራል።

መርሳ ጡረተኛ፦

ልጄ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፤ ስለ ሆርሞኑ ባለሙያው በቂ ተናግሯል፤ እኔ ስለ አማትሽ ጉርሻ ነው የምናገረው።

በወሎ የአንቺ አማት ዕድሜ ላይ ያለ ሰው ከ1966ቱ ወይም ከ1977ቱ ችጋር አንዱን፣ አለዚያም ሁለቱንም አልፏል። በ77 ከቆቦና ከራያ ወገን ወደ ቆረም መጠለያ ይጎርፍ የነበረው ሕዝብ፣ በየመንገዱ ዳር የቀረውም፣ ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ። ያንን ያየች እናት የልጇ ሚስት ከሰሐኑ እጇን ቶሎ ስትሰበስብ የሚታያት ዳይት አይደለም። ወፍራም ሰው በእነሱ ዓይን የተረፈ ሰው ነው፤ ለክረምት የሚሆን ስንቅ በገላው የያዘ። ስለዚህ «አማቴ ታወፍረኛለች» ከማለት በፊት ይህን ማወቅ ይጠቅማል።

ከዚያ በኋላ ግን መላ አለው። በእኛ ባህል ጉርሻ አንድ ያጣላል፣ ሁለት ያፋቅራል የሚባለው በስንት ጉርሻ መብቃቱን ሳይናገር ነው። እኔ ባለቤቴ ስታጎርሰኝ ተቀብዬ ቀስ ብዬ እያላመጥኩ ወሬ እጀምራለሁ፤ ወሬኛ ሰው ብዙ አይበላም። እንዲያውም ፈጥኖ የሚበላ ሰው ገበታ ላይ እንደ ነውረኛ ይታይ የነበረው በከንቱ አይመስለኝም። ምስጋናም አለ፦ «እጅዎ ይባረክ፣ ጥጋብ ነው፣ አልሐምዱሊላህ» ወይም «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብለሽ ከልብሽ ካመሰገንሽ፣ ሽማግሌ የሚከፋው ምግቡን ስትንቂበት እንጂ ስትጠግቢ አይደለም።

አንድ ነገር ግን ለባለሙያው ማንሳት እፈልጋለሁ። «ሲርብህ ብላ» የሚለው ምክር በእኛ አካባቢ አንድ እንቅፋት አለበት፤ እሱም ጫት ነው። ከቀትር በኋላ የሚቅም ሰው ረሃቡ ይጠፋበታል፤ ሌሊት ደግሞ ምርቃናው ሲለቀው ያገኘውን ይበላል። እንዲህ ላለ ሰው የረሃብ ምልክት የቱ ነው?

የባቲ ሰኞ፦

አሰላሙ ዐለይኩም። እህቴ፣ አብሽሪ፣ ብቻሽን አይደለሽም። እኔ የሁለተኛው ዓይነት ስኳር በሽተኛ ነኝ፤ ባቲ ተወልጄ ያደግኩ፣ አሁንም እዚያው ቤተሰብ የማስተዳድር ሴት ነኝ። ስኳሩ እንደተገኘብኝ አንድ የጤና ተቋም ውስጥ የተሰጠኝ የተከለከሉ ምግቦች ዝርዝር ብቻ ነበር። ማር፣ ተምር፣ ማንጎ፣ ድንች፣ ነጭ ዳቦ፣ እንጀራም «ቀንሺ» ተባልኩ። ምን ልብላ ብዬ ስጠይቅ የመለሰልኝ ሰው አልነበረም። ዝርዝሩን ግድግዳ ላይ ለጥፌ በፍርሃት እበላ ነበር፤ ስኳሬም አንድ ቀን ከፍ፣ አንድ ቀን ዝቅ ይል ነበር።

ኋላ ያገኘኋት ነርስ ዝርዝሩን አስነሥታ፣ ምን ልከልክል ከማለት ምን ልጨምር ማለትን አስተማረችኝ። አሁን ከትሪው በእኔ በኩል ጎመኑና ምስሩ በዛ ይላል፤ እንጀራውን ቆንጠር አድርጌ ወጡን አብዝቼ እጎርሳለሁ። ቤታችን የሚጋገረው የማሽላና የጤፍ ቅይጥ ነው፤ እሱን አልተውኩም። ማንጎ ሲያምረኝ ምግብ ከበላሁ በኋላ ከልጆቼ ጋር አንዱን ተካፍዬ እበላለሁ እንጂ በባዶ ሆዴ ሦስት አልደረድርም። ማርም ተከልክዬ ሳለሁ ተደብቄ በማንኪያ የምልሰው ነበር፤ ተፈቅዶልኝ ሳለ ግን ለሳምንታት ትዝ አይለኝም።

ይሁን እንጂ እንደኔ ዓይነት ሕመም ያለበት ሰው «ነጻ ነኝ» ብሎ ብቻውን እንዳይነሣ አደራ እላለሁ። ግሊቤንክላማይድ ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ምግብ ቢያዘገይ ወይም ቢዘል ስኳሩ ወርዶ ሊወድቅ ይችላል፤ «ገና አልራበኝም» ብሎ መቆየት ለእሱ አይሠራም። ሜትፎርሚን ብቻውን ሲሆን ይህ አደጋ ያነሰ ነው። ለረመዳንም ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቀደም ብሎ ሐኪም ማማከር ይመከራል፤ የመድኃኒቱ ሰዓትና መጠን ሊስተካከል ይችላል፣ መጾም የሌለበትም ሰው አለ። ሃይማኖታችንም ለበሽተኛ ፈቃድ ሰጥቷል።

ማፍጠሪያ ላይ ያየሁትንም ልጨምር። በእኛ ሰፈር ሳምቡሳው፣ ሾርባው፣ ተምሩ፣ ጣፋጩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይቀርባል፤ ቀኑን ሙሉ የታገሠ ሰው ደግሞ በአምስት ደቂቃ ይጨርሰዋል። እኛ ቤት በተምርና በውኃ አፍጥረን፣ መግሪብ ሰግደን እንመለሳለን፤ ከዚያ ነው ወደ ሾርባው የምንቀርበው። ለሆድ ፋታ ይሰጣል፤ ደግሞም እንዲህ ማፍጠር ሱና ነው።

ጦሳ ተራራ (ደሴ)፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መምህር፣ ስለ አማቴ የጻፉትን ለባለቤቴ አነበብኩለት፤ እናቱ በ77 ገና ወጣት ሳሉ እህታቸውን ያጡ ናቸው።

ሁለት ነገር ገና አልተመለሰልኝም። አንደኛው የጾሙ ጉዳይ ነው። በሁዳዴ የምበላው እየቀነሰ፣ በዚያ ሰበብ ክብደቴም እየቀነሰ ይመጣና ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሳምንታት ይመለሳል። ሁለተኛው ደግሞ፣ በጾም ሥጋና ቅቤ ሳልቀምስ አንዳንዴ ክብደት የምጨምረው ለምንድን ነው? በዚሁ አጋጣሚ፣ ገበያ ላይ «የማቅጠኛ ሻይ» እየተባለ የሚሸጠውን የሞከረ አለ ወይ?

ቦርከና (ኮምቦልቻ)፦

በቅድሚያ መምህር ላነሡት። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፤ ጨጓራም ምግቡን የሚያወርድበትን ጊዜ ያዘገያል። ስለዚህ ለሚቅም ሰው ምልክቱን መጠበቅ ሳይሆን ሰዓት ይዞ መብላት ይሻላል፦ ሳይጀምር በቂ ምሳ፣ ማታም መኝታ ከመድረሱ በፊት ቀለል ያለ እራት። እንቅልፍ ሲጓደልም በማግሥቱ ረሃብ ይጨምራልና ነገሩ ከሌሊቱ ጋር የተያያዘ ነው።

ወደ እህቴ ጥያቄ ስመለስ፣ ጾምን በሚመለከት ያለኝ አቋም ግልጽ ነው፤ ጾምና ዳይት አይቀላቀሉ። ጾም የነፍስ ሥራ ነው፤ ሰዓቱን ቤተ ክርስቲያን ታውቀዋለች፤ በዚያ ሰዓት ውስጥ መራብዎ ከዚህ አካሄድ ጋር አይጋጭም፤ ምክንያቱም ረሃቡን የመረጡት ራስዎን ለመቅጣት ወይም ገላዎን ለማሳነስ አይደለም። ችግሩ የሚጀምረው በጾሙ ላይ ሌላ ጾም ሲደረብበት ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይቶ ከዚያም «መቼስ እየቀነስኩ ነው» በሚል ስሜት ግማሽ እንጀራ በልቶ መነሣት፣ ሰውነትን ለ55 ቀን ወደ ችጋር ማስገባት ነው። ፋሲካ ሲመጣ ዶሮ ወጡና ቁርጡ ብቻ ሳይሆን ያ ሁሉ የታፈነ ረሃብ አብሮ ይገደፋል። ጾሙ ሲፈታ ጠግበው ይብሉ፤ ምስሩንና ሽሮውን፣ ሱፍ ፍትፍቱን፣ ተልባውን አይቁጠሩ። ሁዳዴን ጠግቦ የጾመ ሰው የፋሲካን ሰሞን በሰላም ያልፋል።

በጾም መወፈርዎ ደግሞ ከዘይቱ ይመስለኛል። አንድ የሾርባ ማንኪያ የምግብ ዘይት 120 ካሎሪ ያህል አለው። የጾም ወጥ ቅቤ የለውምና እንዲጥም ተብሎ ሽንኩርቱ በዘይት ተንሳፍፎ ሲቁላላ በብዙ ቤት አይቻለሁ፤ ከጀሪካኑ በቀጥታ ሲንቆረቆር ደግሞ ስንት ማንኪያ እንደገባ የሚያውቅ የለም። ዘይት ይተው አልልም፤ ሽንኩርቱን መጀመሪያ በውኃ አብስለው፣ ዘይቱን በኋላ በማንኪያ ቢጨምሩት ጣዕሙ አይጎድልም። ቡናውም ላይ እንዲሁ ነው። በየሲኒው ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር የሚጨምር ሰው ሦስተኛው ላይ ሲደርስ 24 ግራም ያህል ወስዷል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የተሻለ ነው ብሎ የሚመክረው የቀን መጠን 25 ግራም ገደማ ነው። ቡናውን ማስቀረት ጎረቤትን ማስቀረት ስለሆነ አልመክረውም። አቦሉን እንደለመዱት ጠጥተው ቶናውንና በረካውን ስኳር መቀነስ ይችላሉ፤ ብዙ ሰው በሳምንታት ውስጥ ምላሱ ይለምደዋል።

ከአንድ ትሪ መብላት እንቅፋት ይመስላል እንጂ ለእርስዎ አመቺም ነው። በራስዎ በኩል ያለውን ይበላሉ፤ ማንም ሰሐንዎን አይቆጥርም፤ ማቆምዎም አይታወቅም። ጥጋብ ለአንጎል እስኪደርስ 20 ደቂቃ ያህል ሊፈጅ ይችላልና፣ ከመሀል ላይ እጅዎን ሰብስበው ውኃ ይጠጡ፤ ገና ከራበዎት ይመለሱ። የሌሊቱን ድስት በተመለከተ፣ ቁርስና ምሳ በቂ ሲሆኑ በራሱ እየላላ ይሄዳል። ሌሊት ከራበዎት ግን ብርሃን አብርተው፣ ቁጭ ብለው፣ በሰሐን አውጥተው ይብሉ። ተደብቆ የተበላ ምግብ ጥጋቡ አይታወቅም።

«የማቅጠኛ ሻይ» የሚባሉት ብዙዎቹ ሰናመኪ ወይም ሌላ የሚያስቀምጥ ነገር ያለባቸው ናቸው። የሚያወርዱት ውኃና ሰገራ ነው፤ ስቡ ባለበት ይቀራል። ሲደጋገሙ አንጀትን ያሰንፋሉ፣ የሰውነትን ጨውም ያዛባሉ። ይተዉአቸው።

በመጨረሻ አንድ ጥያቄ እኔም ልጠይቅዎ። ከሁለተኛው ልጅ በኋላ የሦስት ወሩን የወሊድ መከላከያ መርፌ ጀምረው ይሆን? በአንዳንድ ሴቶች ላይ የምግብ ፍላጎትንና ክብደትን እንደሚጨምር ይታወቃል፤ እንዲህ ከሆነ ሳያቋርጡ ጤና ጣቢያ ሄደው ስለ ሌላ አማራጭ መነጋገር ይቻላል። ድካም፣ ብርድ ብርድ ማለትና የሆድ ድርቀት አብሮ ካለ ደግሞ የእንቅርት ዕጢ ምርመራ ያስፈልጋል። በሄዱበትም የደም ግፊትና ስኳርዎን ይለኩ፤ ከሚዛኑ ይልቅ እነዚህ ቁጥሮች ይበልጥ ይናገራሉ።

ጦሳ ተራራ (ደሴ)፦

መርፌውን አዎ፣ ከወለድኩ ጀምሮ እየወሰድኩ ነው፤ እስካሁን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ጤና ጣቢያ እሄዳለሁ። ዳገቱንስ ምን ላድርገው? ባጃጅ ለምጃለሁ።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)፦

ከባጃጁ አይጣሉ፤ ሲሄዱ ተሳፍረው ሲመለሱ በእግር ቢሆን ይበቃል፤ ወይም ቁልቁለቱን በእግር፣ ዳገቱን በባጃጅ ይጀምሩት። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው፤ ደሴን በመሰለ ተዳፋት ከተማ ይህ በሥራ መንገድ ላይ ብቻ ሊሞላ ይችላል። በመንገድ ላይ መናገር እየቻሉ መዝፈን ግን ካቃተዎት ልኩ እሱ ነው። የሚለኩት ነገር ከፈለጉ ወገብዎን በሜትር ይለኩ፤ ለሴት ከ80 ሳንቲ ሜትር ሲያልፍ የጤና ሥጋቱ ይጨምራል፣ ከ88 ሲያልፍ ደግሞ ይበረታል። በወር አንድ ጊዜ ይበቃል፤ በየማለዳው ሚዛን ላይ መውጣቱን ግን ለጊዜው ቢያቆዩት እመርጣለሁ፤ ከቀን ወደ ቀን የሚዋዥቀው በአብዛኛው ውኃ ነውና።

የባቲ ሰኞ፦

ጤና ጣቢያ ከሄድሽ በኋላ ምን እንዳሉሽ እዚሁ ጻፊልን። እኔም እህቴን ስለ መርፌው እጠይቃታለሁ።